የጤና ተማሪዎች የቡድን ሥራን በነርሲንግ ሆም እንዲለምዱ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ሜሪላንድም ሆነ ሚኒሶታ፣ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት) የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኖ የጀመረው ኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለ ነርስ) ሆኗል፤ ኤልፒኤን የነበረችው አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ) ሆናለች። ከእነሱ መሀል ዛሬ ዲኦኤን (የነርሶች ኃላፊ) የሆኑም፣ ኮሌጅ ውስጥ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) የሚያስተምሩም አሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእነሱ ነው። ትምህርት ቤቶች የነርስ፣ የሕክምና፣ የፋርማሲ፣ የፊዚካል ቴራፒና የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን ቀላቅለው አረጋውያንን በቡድን መንከባከብ ለማስተማር ሲያስቡ፣ "እናንተ ጋ እንዴት እናድርገው?" የሚሉት እነሱን ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አምስት ናቸው። ሁሉም ወረቀት ላይ ያምራሉ።

ችግሩም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ ሁሉም አብረው ከተማሩ የጋራ ትምህርት ተካሂዷል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የጤና ትምህርት ቤቶች ማኅበራት ያቋቋሙት አይፔክ ደግሞ በ2011 አውጥቶ በ2016 እና በ2023 ያሻሻለው ዝርዝር አለው። አራት ነገር ይጠይቃል፦ እሴትና ሥነ ምግባር፣ የሥራ ድርሻን ማወቅ፣ መግባባት፣ በቡድን መሥራት። ጥሩ ነው። ግን ሦስት ተማሪ ለአንድ ሰዓት ዙም ላይ አስቀምጦም "አሟልተናል" ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠንከር ያለ መስፈርት ያስፈልጋል። ከመስፈርቱ በፊት ግን አንድ ኬዝ እንያዝ።

መለኪያ የምናደርጋቸው እናት

ኬዙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ግን አይገረምበትም። የ78 ዓመት ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋሉ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ቁርስ ሲመጣ "ቆይ በኋላ እበላለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላሉ። ትሪው እንዳለ ይመለሳል። ረፋዱ ላይ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ነገር ይምታታባቸዋል፤ ከአልጋ ሲነሡ ለትንሽ ይተርፋሉ እንጂ ይወድቁ ነበር።

አሁን እያንዳንዱ ሙያ የሚያየውን ተመልከቱ። ነርሷ "ቁርስ እምቢ ብለዋል" ብላ ቻርት አድርጋለች (መዝገባቸው ላይ ጽፋለች)። ዳይቲሺያኗ (የምግብ ባለሙያዋ) የምግብ ፍላጎት ቀንሷል ብላ ከወተት የተሠራ ማጠናከሪያ መጠጥ አዛለች። በጾም! ፊዚካል ቴራፒስቱ እግራቸው ደክሟል ብሎ ዎከር (የመራመጃ ድጋፍ) አስተካክሏል። ሐኪሙ የለም፤ በፌዴራሉ ደንብ መጀመሪያዎቹን 90 ቀናት በየ30 ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ አንዴ ቢያያቸው ይበቃዋል። ፋርማሲስቱ መድኃኒታቸውን የሚያየው በወር አንድ ጊዜ ነው። ልጃቸው እንደሚጾሙ ታውቃለች፤ የጠየቃት ግን የለም። ትሪውን በየቀኑ እንዳለ የሚመልሰው ሲኤንኤ ሰዓቱን ሳይቀር ያውቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጁ እስከ 3 ፒኤም እንደማይበሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን አጥግበው እንደሚበሉ።

ማንም በሙያው አልተሳሳተም። ሴትዮዋ ግን ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ ስለሚቆዩ ስኳራቸው እየወረደ ሊወድቁ ነበር። የቡድን ሥልጠና ጥቅም አለው የሚባለው ተማሪዎቹ እዚህ ክር ላይ ሲደርሱ ነው።

መስፈርቶቹ

እኔ የምመዝነው በስድስት ነገር ነው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

አንደኛው እና ትልቁ፦ ሲኤንኤው አለ ወይ? ቡድን ሲባል ነጭ ጋውን የለበሱትን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ብዙ ነው። ሲኤንኤ በፌዴራሉ ዝቅተኛ መስፈርት 75 ሰዓት ሠልጥኖ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከማንም በላይ ከሬዚደንቱ (ቤቱ ውስጥ ከሚኖረው አረጋዊ) ጋር የሚውለው እሱ ነው። ሁለተኛው፦ ተማሪዎቹ የሚያዩት እውነተኛ ሰው ነው ወይስ ወረቀት? ሦስተኛው፦ ያሰቡት ነገር ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዱ) ውስጥ የሚገባበት መንገድ አለ ወይ? የማይገባ ከሆነ ተማሪው የተማረው ስብሰባ ማድረግን ነው።

የቀሩት ሦስቱ የቤቱ ጣጣ ናቸው፦ በሠራተኛው ላይ የሚጨምረው ጫና፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ወጪው። እነዚህን የምመለከተው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካየሁ በኋላ ነው። በወጪ የጀመረ ሰው ሁልጊዜ ዙም ላይ ነው የሚያርፈው።

አንድ፦ ክፍል ውስጥ፣ በኬዝና በሲሙሌሽን

ተማሪዎቹ አንድ ክፍል ይሰበሰባሉ፤ የተጻፈ ኬዝ ወይም የታማሚ ሚና የሚጫወት የሠለጠነ ሰው ይሰጣቸዋል። መሣሪያውም ዝግጁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ጥናትና ጥራት ተቋም ከመከላከያ ሚኒስቴር ጋር ያዘጋጀው ቲምስቴፕስ የተባለ የቡድን ሥራ ማሠልጠኛ በነፃ ይገኛል፤ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የተዘጋጀ ክፍልም አለው። ኤስባርን የመሰለ አጭር የማስተላለፊያ ስልት፣ ማለትም ሁኔታው ምንድን ነው፣ ኋላ ታሪኩ ምንድን ነው፣ እኔ ምን አየሁ፣ ምን ይደረግ የሚለውን፣ ተማሪው ለሐኪም ደውሎ ከመንተባተቡ በፊት እዚህ ቢለማመድ ይሻላል።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ኬዙን የጻፈው መምህር ጾምን ካላሰበው ተማሪው አያገኘውም። ሲሙሌሽን የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያውቀው። የሲኤንኤው ሚናም አብዛኛውን ጊዜ ለነርስ ተማሪ ይሰጥና በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ብልጥ መምህር አንድ ነገር ያደርጋል፦ በሥራ ላይ ያለ ሲኤንኤ ሰዓቱን ከፍሎ ይጋብዝና ኬዙን ራሱ እንዲያርም ይጠይቀዋል። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ክፍሉን ግን ይቀይረዋል።

ሁለት፦ በርቀት

አጭር ነው። ተማሪዎችና ባለሙያዎች በቪዲዮ ይገናኛሉ፣ አንዱ ቤት አንድ ኬዝ ያቀርባል፣ ሁሉም ይወያያል። በ2003 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለሄፓታይተስ ሲ ሕክምና የተጀመረው ኤኮ የሚባለው አሠራር በኮቪድ ጊዜ ለነርሲንግ ሆሞችም በሰፊው ውሏል። ከከተማ ርቆ ላለ ትምህርት ቤት እና የጄሪያትሪክስ (የአረጋውያን) ሐኪም ለማያገኝ ቤት ዋጋ አለው። ሽታው፣ ጩኸቱ፣ ተመልሶ የመጣው ትሪ ግን ካሜራ ውስጥ አይገቡም። ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላው ጋር ሲዳበል ጥሩ ነው።

ሦስት፦ ኬር ፕላን ሚቲንግ ላይ ለአንድ ቀን መቀመጥ

ብዙ ትምህርት ቤት የሚወደው ይሄንን ነው፤ ቀላል ስለሆነ። ተማሪዎቹ ጠዋት ይመጣሉ፣ ቻርት ያያሉ፣ ሚቲንግ ይቀመጣሉ፣ ሪፍሌክሽን (የታዘቡትን) ጽፈው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ደንቡን ማወቅ ይጠቅማል። የ1987ቱ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ካመጣው ለውጥ ወዲህ የኬር ፕላን ሥራ የቡድን ግዴታ ሆኗል። የዛሬው የፌዴራል ደንብ በቡድኑ ውስጥ እነማን መኖር እንዳለባቸው ይዘረዝራል፦ ሐኪሙ፣ ሬዚደንቱን የያዘችው አርኤን፣ ሬዚደንቱን የያዘው ሲኤንኤ፣ ከምግብ ክፍል ሰው፣ በተቻለ መጠን ደግሞ ሬዚደንቱ ራሱና ወኪሉ። ሲኤንኤው በግልጽ ተጠቅሷል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ሚቲንጉ በሚካሄድበት ሰዓት ሲኤንኤው ፍሎር ላይ (ሬዚደንቶቹ ጋ) ነው፤ የሰባት ስምንት ሰው ሥራ ይዟል። የእሱ ሐሳብ ከገባም በቻርጅ ነርሷ (በሺፍቱ ኃላፊ ነርስ) አፍ ነው።

ስለዚህ ይህን መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ሚቲንጉን አንድ ቀን ራሳችሁ ተቀምጣችሁ እዩት። ሶሻል ወርከሯ ኮምፒውተር ላይ እያነበበች ሌላው ራሱን የሚነቀንቅበት ከሆነ ተማሪው ያንኑ ይማራል። መጥፎ ቡድን ማየትም ያስተምራል የሚል ሰው አለ። ያስተምር ይሆናል፤ ግን የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ባይሆን እመርጣለሁ።

አራት፦ ለሳምንታት የሚቆይ የቡድን ምደባ

አራት ወይም አምስት ተማሪ፣ እያንዳንዱ ከተለያየ ሙያ፣ ሁለት ሬዚደንት ይዞ ለሳምንታት ይከታተላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስዊድን ሊንሾፒንግ ውስጥ በ1996 የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በተቆጣጣሪ ሥር የራሳቸውን የሆስፒታል ዋርድ መያዝ ጀምረዋል። ኖርዌይም ማስተማሪያ ነርሲንግ ሆሞች አሏት።

ስንት ሳምንት ይበቃል? ይህን ጥያቄ ትምህርት ቤቱ በካላንደሩ ይመልሰዋል፤ መመለስ ያለበት ግን በቤቱ ሥራ ዑደት ነው። አዲስ ሬዚደንት ሲገባ የመነሻ ኬር ፕላን በ48 ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ሙሉው ምርመራ፣ ኤምዲኤስ የተባለውን የፌዴራል የምዘና ቅጽ ጨምሮ፣ በ14 ቀን ውስጥ ያልቃል። ሙሉው ኬር ፕላን ደግሞ ከዚያ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ይወጣል። ደምሩት፤ 21 ቀን ሊሆን ይችላል። ከሦስት ሳምንት በታች የሆነ ምደባ የአንድን ሰው ታሪክ ከመግቢያው እስከ ዕቅዱ ላያሳይ ይችላል። አራት ሳምንት ይሁን፤ ስድስት ቢሆን ደግሞ ዕቅዱ ሲሠራም ሲከሽፍም ይታያል።

በደንብ የተያዘ ምደባ እንዲህ ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ፣ የሕክምናውም የፋርማሲውም ቢሆን፣ አንድ ሙሉ የጠዋት ሺፍት ከሲኤንኤ ጋር ይውላል። ከ7 እስከ 3። ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ትሪ ያደርሳል፣ ትሪ ይመልሳል። "እኔ ሐኪም ልሆን ነው የመጣሁት" የሚል ይኖራል። ይዋል። የእኛ እናት ትሪ ያለመበላቱ ጉዳይ የሚገለጠው ለዚህ ተማሪ ነው። ሲኤንኤውን "ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከዚያ የ15 ደቂቃ ሃድል (አጭር የቡድን ምክክር) ይመጣል። ፍሎሩ ላይ፣ ቆመው፣ ሲኤንኤው ባለበት። ተማሪዎቹ አራቱን ኤሞች (በእንግሊዝኛው ኤም ፊደል የሚታወሱትን የአረጋውያን እንክብካቤ ነጥቦች) እየጠሩ ይሄዳሉ፦ ለሰውዬው የሚበልጥበት ነገር፣ መድኃኒት፣ አእምሮና ስሜት፣ እንቅስቃሴ። ለእማማ የሚበልጥባቸው ነገር ጾማቸው ነው። ይህ ከተነገረ በኋላ ሌላው በራሱ ይፈታል። የፋርማሲ ተማሪው የኢንሱሊኑን ሰዓትና መጠን ያነሣል፤ ሐኪም እንዲወስንበት። የዳይቲሺያን ተማሪዋ የጾም ምግብና ሰዓቱን ታስተካክላለች። የሶሻል ወርክ ተማሪው ለልጃቸው ይደውላል፤ በእሷም በኩል ንስሐ አባታቸውን ያገኛል፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ነገር ነውና። ሐሳቡ በኤስባር ለቻርጅ ነርሷ ይቀርባል፤ የተቀበለችውንና ያልተቀበለችውን ምክንያቱን ጨምራ ትመልሳለች። ያለዚህ መልስ ምደባው ከአንገት በላይ ይሆናል።

ሌላም ጥሩ መሣሪያ አለ። ኢንተራክት ከሚባለው ፕሮግራም የወጣው "ስቶፕ ኤንድ ዋች" የሲኤንኤውን "ዛሬ ልክ አይደሉም" ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ትንሽ ቅጽ ነው። ተማሪዎቹ በሲኤንኤው የተሞላ ቅጽ ይዘው ሃድል ይጀምሩ።

አሁን ጣጣው። የፋርማሲ ተማሪ ሐሙስ ነፃ ነው፣ የሕክምናዋ ማክሰኞ፤ አንድ ቀን ማግኘት ወር ሊፈጅ ይችላል። የነርስ መምህሯ የፋርማሲ ተማሪን ልትፈርምለት አትችልም፤ ለየሙያው ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። የቲቢ ምርመራው፣ ክትባቱ፣ ባክግራውንድ ቼኩ አለ። ሬዚደንቱም "ተማሪ አልፈልግም" የማለት መብት አለው፤ ለወጉ ሳይሆን በእውነት መጠየቅ አለበት። "ስቴት ገብቷል" (የስቴቱ መርማሪዎች መጥተዋል) በተባለ ቀን ደግሞ ተማሪ የሚያይ ሰው አይኖርም። ቤቱ ያለፈው ምርመራ ከተደረገበት አንድ ዓመት እየሞላው ከሆነ መጠባበቂያ ቀን ያዙ።

አምስት፦ ሬዚደንት ሆኖ መግባት

ሜይን ስቴት የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን ለሁለት ሳምንት ያህል ነርሲንግ ሆም ያስገባል፤ እንደ ሠራተኛ አይደለም፣ እንደ ሬዚደንት። የበሽታ ስም ይሰጣቸዋል፣ ዊልቼር ላይ ይውላሉ፣ የተፈጨ ምግብ ሊመጣላቸው ይችላል፣ ሌላ ሰው ያነሣቸዋል። የጥሪ ደወል ተጭኖ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ሌላ ትምህርት አይነግርም።

ለርኅራኄ ወደር የለውም። ለቡድን ሥራ ግን ግማሽ ነው፤ ተማሪው ቡድኑን ከታች ሆኖ ያያል እንጂ አብሮ አይወስንም። ባዶ አልጋ ይጠይቃል፤ ብዙ ተማሪም አያስተናግድም። አንድ ሌሊት ብቻ የሚያሳድሩት ቢሆኑም ከአራተኛው መንገድ ጋር ሲጣመር ጥሩ ይሆናል።

ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ሲኤንኤው አለ? | እውነተኛ ሬዚደንት? | ሐሳቡ ኬር ፕላን ይገባል? | የሠራተኛ ጫና | ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክፍልና ሲሙሌሽን | ካልተጋበዘ የለም | የለም | አይገባም | የለም | ከሰዓታት እስከ ቀናት | በኬዝ ዝቅተኛ፤ ሚና ተጫዋች ካለ መካከለኛ |
| በርቀት | አልፎ አልፎ | በወሬ | ቤቱ ከተቀበለው | ትንሽ | በየሳምንቱ አንድ ሰዓት | ዝቅተኛ |
| የአንድ ቀን ሚቲንግ | እንደ ቤቱ ነው | አዎ፣ ለአጭር ጊዜ | እምብዛም | ትንሽ | አንድ ቀን | ዝቅተኛ |
| የሳምንታት ምደባ | አዎ፣ ከታሰበበት | አዎ | አዎ | መጀመሪያ ከባድ | ከ4 እስከ 6 ሳምንት | ከፍተኛ፤ በተለይ የተቆጣጣሪ |
| ሬዚደንት መሆን | አዎ፣ ተንከባካቢ ሆኖ | ተማሪው ራሱ | አይገባም | መካከለኛ | እስከ 2 ሳምንት | መካከለኛ፤ አልጋ ይይዛል |

የትኛው ለማን?

ገንዘብም ተቆጣጣሪም የሌለው ትንሽ ኮሌጅ ከሆናችሁ አራተኛውን አትመኙ። ቲምስቴፕስን በነፃ ወስዳችሁ ክፍል ውስጥ ጀምሩ፤ ያለችውን ትንሽ ገንዘብ ለሲኤንኤ እንግዳ ክፈሉበት። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሁለት ሙያ ብቻ፣ ለምሳሌ ነርስና ሶሻል ወርክ፣ ወደ ነርሲንግ ሆም ላኩ። አምስት ሙያ ካልሞላ የሚባለው ነገር ብዙ ጥሩ ሐሳብ አስቀርቷል።

የሕክምና ወይም የፋርማሲ ትምህርት ቤት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆናችሁ ሰበብ የላችሁም። አራተኛው ነው። በነርሲንግ ሆሙ በኩል ያላችሁ ዲኦኤኖች ደግሞ ሠራተኛ አጥሯችሁ ከሆነ ምደባውን በአንድ ዩኒት ብቻ ፍቀዱ፤ ተማሪ ለሚይዘው ሲኤንኤም በሰዓት ጭማሪ ወይም ቀለል ያለ አሳይመንት እንዲሰጠው ውል ውስጥ አስገቡ። በነፃ አስተምር የተባለ ሲኤንኤ ተማሪውን ኮሪደር ላይ አቁሞ ሥራውን ይቀጥላል፤ እውነቱንም ነው።

ራሳችሁ ተማሪ ከሆናችሁና ትምህርት ቤታችሁ ምርጫ ከሰጣችሁ፣ በተለይ ሲኤንኤ ሆናችሁ ሠርታችሁ ከነበረ፣ ሦስተኛውን እለፉት። የምታውቁትን ነው የሚያሳያችሁ። አራተኛውን ካገኛችሁ ግን ሃድሉ ላይ ዝም አትበሉ፤ ሐኪም ሊሆን የመጣው ልጅ የማያውቀውን ታውቃላችሁ።

ኢትዮጵያ ላሉ መምህራን ነገሩ ትንሽ ይለያል። አረጋውያን በአብዛኛው ቤት ነው የሚኖሩት፤ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጥቂት ናቸው። የቡድን ሥልጠናው ግን ከውጭ መምጣት የለበትም። በ1954 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሄልዝ ኦፊሰሩን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን ነበር ወደ ሕዝቡ የሚልከው። ጎንደር ወይም ጅማ የተማረ ሰው ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) ሲባል ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ የቲቲፒ ቡድን ከተመደበበት ጊዜ የተወሰኑ ሳምንታትን በአረጋውያን ማዕከል ወይም አረጋዊ ባለበት ቤት ቢያሳልፍ አራተኛው መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሚጠየቁ

- ተማሪ የሚያቀርበውን ሐሳብ ቤቱ ውስጥ የሚቀበለው ማነው? ስም ጥሩልኝ በሉ።
- ሃድሉ ስንት ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት የሲኤንኤውን ሬዚደንቶች የሚይዝለት ማነው?
- ለየሙያው ተቆጣጣሪ አለ? በአካል ነው ወይስ በስልክ?
- ሬዚደንቱ ፈቃዱን የሚጠየቀው በማን፣ በምን ቋንቋ ነው? የእኛ እናት እንግሊዝኛ ባይችሉ አስተርጓሚው ልጃቸው ብቻ መሆን የለባትም።
- ተማሪው ቻርት ማየት ይችላል? መጻፍስ?
- ውጤቱ የሚለካው በምንድን ነው? "ስለ ቡድን ሥራ ያለኝ አመለካከት ተሻሽሏል" የሚል መጠይቅ ብቻ ከሆነ ሁሉም ጥሩ ነው ብሎ ይሞላል። ስንት ሐሳብ ቀርቦ ስንቱ ኬር ፕላን ገባ የሚለውንም ቁጠሩ፤ ያልገባው ለምን እንዳልገባ ተማሪዎቹ ከቻርጅ ነርሷ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበት።